ያልወጣ አሻራ

የወረታው መንገድ በርብ ተቆርጦ፣
መኪናው ሲቀር ጭቃ ላይ ተቀምጦ፣
እኛ በሐይቁ ዞርን፤ ከባሕር ዳር ወደብ
ሌሊቱን ስንጭን አነጋን፣ በዝናብ።
ስልሳ ኩንታል ስንዴ፣ ብርድ ልብስ በቦንዳ፣
ጀሪካን፣ ሸራ፣ ዘይት፤ የሁላችን ዕዳ።

የእኔ ሥራ መዝገብ ነው፤ ባለ ካርቦን ወረቀት፣
ባለ አምስት ዓምድ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣
የወሰደው መጠን፣ ከዚያ ወዲያ ፊርማ፤
መጻፍ ለማይችል የቀለም ጨርቅ፣ ሐምራዊ ጨለማ።

ናበጋ ደረስን ቢባል ናበጋ የለም፤
ሐይቁ ድንበሩን ረስቷል፣ እዚህ ድረስ ነኝ አይልም።
ከሩዙ ማሳ ላይ ዓሣ ይዘላል፤
የቀበሌው ሰሌዳ እስከ አንገቱ ሰጥሞ
«እንኳን ደኅና መጣችሁ» ይላል።

የጀልባችንን ሞተር እንቦጭ አነቀው።
ልየው የሚሉት ሰው በደንገል ታንኳ መጣ፤
«ሁለት ሁለት ኩንታል ጫኑ፣ ትችላለች» አለ፣
ከወገቡ ውኃ ሳይወጣ።
ሁለት ቀን ሙሉ ሠላሳ ጊዜ ተመላለሰ፤
የራሱን ጎጆ ጣራ በስተግራ እያየ
ጆንያ ብቻ አደረሰ።

ሰዉ ከትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ሰፍሯል፤
አራተኛ «ለ» ክፍል ጥጃ ታስሯል፤
ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዣው ሠንጠረዥ አልጠፋም፣
ሰባት ሲባዛ በስምንት።
ማንም አልተኛም።

«ስም?»
«እንጉዳይ ዋሴ።»
«የቤተሰብ ብዛት?»
«ስድስት፤ አንዱ ሰውዬው፣ ዋርካው ላይ ነው ከትናንት።»
ቀለሙን አቀረብኩላት። ነከረች፣ ተጫነች፤
መስመር የለም፣ ክብ የለም። እድፍ ብቻ ተወች።
እንደገና አልኳት፤ በግራዋም ሞከረች፣
ከዚያ «እየው» ብላ እጇን
እንደሚሸጥ ጨርቅ ዘረጋች፦
አምስት ቀን ከውኃ ልጅ ሲያወጣ፣
እህል ሲያወጣ የሰነበተ ጣት፣
እንደ ተነከረ ባቄላ ነጥቶ ተሸብሽቦ
ቆዳው የለቀቃት።

ከኋላዋ ሙጬ፤ ያው። ከሙጬ ኋላ ጥሩዓለም፤
መቶ አርባ አባወራ፣ መቶ አርባ እድፍ፣
አንዱ ከአንዱ አይለይም።

ብርድ ልብሱ አልበቃም። ይህንንም ልጻፈው፤
ለሁለት ቤት አንድ ደረሰ፤
የተካፈሉት በመቀስ አይደለም፣ በሌሊት ፈረቃ ነው።

ባሕር ዳር ገባሁ። ዘንባባው ታጥቦ፣ አስፋልቱ ደርቆ፤
ኦዲተሩ ገጹን በጥፍሩ ፍቆ፣
መነጽሩን አውልቆ፣
«ይህን ሁሉ የፈረመ አንድ እጅ ነው» አለ።
ልክ ነህ ልለው ነበር።
ምላሴ ላይ ዋለ።
በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ ጸጥ ብሏል፣ እንዳላየ ሰው፣
ፈርሞ እንደጨረሰ፣
እጁን ሱሪው ላይ እንደጠረገው።

በጥቅምት መልሰው ላኩኝ፤ «አሻራውን ለቅመህ ና!»
ውኃው በለቀቀው ጭቃ ሽምብራ ይዘራሉ፤
ዘሩን ከየት አገኙ አላልኩም፣ ይቆየና።
እንጉዳይ አየችኝ፤ ሳቀች፣ ቀረበች፣
«ያኔ እህል ይዘህ መጣህ፣ ጣት አጣህብኝ» አለች፤
«ዛሬ ጣቱ ይኸው፤ እህሉ ግን የታለ?
የተበላ ስንዴ በምን ይፈረማል፣
ሆዴ ላይ ማኅተም አለ?»
መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀች፤
አውራ ጣቷን ከጭቃው ጠርጋ ተጫነች።
ወጣ። እያንዳንዱ መስመር፣ እንደ ርብ፣ እንደ ጉማራ፣
ዞሮ ዞሮ ወደ መሐል፣ ወደ አንድ ስፍራ።

ልየውን ፈለግኩት፤ ደንገል ያጭዳል አሉኝ፤
አዲስ ታንኳ ሊሠራ።
አሮጌዋ ከሠላሳኛው ጉዞ በኋላ በስብሳ ቀረች፣
ከጎጆው ጋራ።
ሊፈርም አውራ ጣቱን ዘረጋ።
መዝገቡን ገለጥኩት፣ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የለም።
እሱ ተቀባይ አይደለም፣
ለአድራሽ የተሰመረ ዓምድ የለም።