አራተኛው ኩርባ

ሊብሬዋ ላይ ያለው፦ ፊያት፣ አመድማ ቀለም፤
ስለ ትንፋሿ ግን የተጻፈ የለም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሴ–ኮምቦልቻ፣
አገር አባቴን ያወቀው በጥሩምባዋ ብቻ።
ስድስት ሰው አጭቃ፣ ጆንያ ተሸክማ፣
ሐረጎን ስትወጣ ሲቃዋ ሲሰማ፣
ከአራተኛው ኩርባ አታልፍም ፈጽማ።
እንፋሎት ስትተፋ በኮፋኖዋ ጫፍ፣
እኔ በልጅ እግሬ ዘልዬ ከደጃፍ
ድንጋይ እወትፋለሁ ከኋላ ጎማ ሥር፤
አባቴ ይወርዳል ጀሪካን ይዞ፣ «አብሽር!»
ይላል ለተሳፋሪው፣ «ብረትም ይጠማል፤
ትተንፍስ እንጂ ጥቂት፣ ደሴን ማን ይቀማል?»

ከኩርባው በላይ ምንጭ አለ፣ ከምንጩ አጠገብ ረሕመት፣
በለስ ትሸጣለች በቆርቆሮ ሳህን፣ እሾኹን ጠርጋለት።
ውኃውን ራሷ ትቀዳለት ነበር፤
ምን ያወሩ እንደነበር
አላውቅም። ልጅ ነበርኩ። ድንጋይ ነበር ሥራዬ።
ራዲያተሩ ቀዝቅዞ እንኳ
ትንሽ ይቆይ ነበር አባዬ።
ቤት ስንገባ እናቴ «ምነው ዘገያችሁ?» ስትል፣
«ፈላች» እንላለን፤ ውሸትም አይደል።

ከቦርከና ማዶ ጋራዥ ከፈትኩ፣ አደግኩ፤
ድመት የወለደችባትን ፊያት ከጓሮ ሳብኩ፤
«ሐረጎን ሳትቆሚ ትወጪያለሽ» ብዬ ማልኩ።
ሞተሩ የመጣው በሚሌ በባቲ፣ ከተገጨ ጃፓን ተፈቶ፤
ደላላው ሙሄ ጆንያውን ገልጦ፣ ዓይን ዓይኔን አይቶ፣
«ዐሥራ ስድስት ቫልቭ ነው፣ ተራራ የሚበላ፤
ካልሠራልሽ መልሺ፣ ካገኘሽኝ ኋላ።»

እልፍኟ ጠባብ ናት፣ እንግዳው ትከሻም፤
ግድግዳ ሳይፈርስ መቼም አይገባም።
ላሜራ ቆረጥኩኝ፣ ድልድይ በየድኩኝ፣
ካርዳኖውን አሳጠርኩ፣ ባሌስትራ ደረብኩኝ፣
ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በጀርባዬ ተኝቼ አሰርኩኝ፤
የፊቱን ጎማ ሁሉ ዲስክ ፍሬን አለበስኩኝ።
«መሮጥማ እብድም ይሮጣል» ይል ነበር አበጋዝ፣ አስተማሪዬ፣
«መቆም ነው ሙያዬ።»

አሮጌው ሞተር ከጥግ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
አባቴ ባለፈ ቁጥር ቆሞ፣ አድምጦ፣
በመዳፉ ይነካዋል፣ እንደ በሽተኛ ግንባር።
ዘይት ያንጠባጥብ ነበር።

መንገድ ትራንስፖርት ሄድን። ጸሐፊው መነጽሩን አርሞ፣
«የሞተር ቁጥሩ ሌላ ነው» አለ ከወንበሩ ቆሞ፣
«ይቺ የድሮዋ መኪና ለመሆኗ ምስክር አላየሁም።»
አባቴ አፉን ከፈተለት፦ «እኔም ከወጣትነት ጥርሴ አንድ የለኝም፤
መታወቂያዬ ላይ ግን ስሜ አልተለወጠም።»

እሑድ ማለዳ ወጣን። «ቢስሚላህ» አለና
እጁ መሪው ሥር ማርሽ ፈለገ እንደገና፤
ማርሹ ወለል ላይ ነው። ሣቅኩኝ። እሱ አልሣቀም።
አንደኛው ኩርባ። ሁለተኛው። ሲቃ የለም፣ ጭስ የለም።
ሦስተኛው።
አራተኛው
አለፈ፤ አላየነውም።

ደሴ ገባን። ሰዓቴን አሳየሁት፣ በኩራት።
«ማሻአላህ» አለ፤ ቃል ግን አጠረበት።
ሻይ እንኳ ሳንጠጣ መሪውን ቁልቁል ጠመዘዘ፤
ያ ሁሉ ጉልበት ከእግሩ ሥር እንደ በግ ታዘዘ።

አራተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ረገጠ፤
ዲስኩ ባንዴ ያዘ፣ ጎማው አላፈነገጠ።
ወረደ። ኮፋኖ ከፈተ። ጀሪካኑን አነሣ፤
መቼ እንደጫነው እንጃ።
«አባዬ፣ ሞተሩ አልጠማውም» አልኩት።
«ሞተሩን ማን አነሣ?»

ከምንጩ በኩል አንዲት አሮጊት በትሯን ተደግፋ
ቀና አለች፣ ዓይኗን ከፀሐይ በእጇ ከልላ፦
«ዛሬም ፈላች?» አለች፣
ሣቋ ከቃሏ ቀድሞ።

እኔም ወረድኩ። ልማድ ነው።
ድንጋይ ፈለግኩ ለጎማው።