ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ

ማክሰኞ ምሽት ነው፤ ደጁ በረዶ ለብሷል፤
አዳራሹ ደግሞ እርጥብ ካፖርት ሸቷል።
እኔ ጥጉ ላይ ነኝ፣ ከመብራቶቼ ጋራ፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ተራ በተራ።
ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው ደንቡ፣
ሐዘኑ ቢረዝም፣ ቢሰፋም ሐሳቡ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሥራ ሠራሁ፤
እነሱ ቃል ሲገቡ፣ እኔ ቃል ጻፍሁ።

አንደኛ፣ የቆሻሻ መኪና የጎማ ጨረታ፤
ሁለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋበት ሰዓት ማታ፤
ሦስት፣ የድልድዩ ቀለም።
አምስትን እለፉት፤ የደረቀ ዛፍ ነው፣ ችግር የለም።
ሰው የጎረፈው ለአራተኛው ነው፦
ማን እንደጠራቸው ማንም ያላመነው
ሦስት መቶ ታጣቂ፣ ጭምብል ያጠለቀ፣
ከዋናው ከተማ በሌሊት የዘለቀ፣
ታርጋ አልባ መኪና ቤዝቦል ሜዳው ጓሮ ደርድሮ
ከእኛው ፖሊስ ጋራ ሊጠብቀን አብሮ።

ከንቲባ ሃልቮርሰን ጉሮሮዋን ጠረገች፤
"እኔ አልጠራኋቸውም" አለች፤
"ሂዱ ማለት ግን…" ብላ ወረቀቷን ገለጠች፤
ገልጣም ዝም አለች።
ምርጫው በሚያዝያ ነው። ስምንቱም አባላት
በልባቸው ይቆጥራሉ የወረዳቸውን ድምፅ ብዛት።

የፖሊስ አዛዡ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣
"ሬዲዮአቸው ከእኛ አይገጥምም፤ የሚያዩትን እኛ አናይ።
ሐሙስ ሌሊት" አለ፣ "በአንድ ጨለማ ግቢ
የእኔ ልጅ ከነሱ ልጅ ሽጉጥ ተማዘዘ፤ ሁለቱም ሕግ አስከባሪ።"

ወንድሜም ፖሊስ ነው፣ የከተማው፣ ሦስተኛ ፈረቃ፤
ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል ጥቂት ደቂቃ።
"'ማነህ?' አሉኝ" ይላል፣ "በተወለድኩበት መንገድ።"
ምን ይባላል እንዲህ ላለ ዘመድ?

ዶሮታ ያብሎንስካ በከዘራዋ መጣች፦
"የመዳብ ቧንቧዬን ሦስቴ ነቅለው ሸጡት" አለች፤
"የናንተ ፖሊስ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው፤
እነዚህ ጭምብል ቢለብሱ፣ ቀንድም ቢያበቅሉ፣ ምን ገዶኝ ነው?
እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከስንት ዘመኔ።"
ግማሹ አጨበጨበ። ጻፍኩት እኔ።

ፀጉር አስተካካዩ ሌኖክስ ፔቲወይ ደግሞ፣
"ከሱቄ ደጃፍ አንዱ ይውላል ቆሞ፤
ደንበኛዬ ፈርቶ ከቤቱ አይወጣም፤
ከተማው ጎፈረ፤ ወንበሬ ላይ ሰው አይመጣም።"
ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ኢዶና ማርሽ። መብራቱ አረንጓዴ።
"ልጄን ከአውቶቡስ ፌርማታ ወሰዱት። ጣቢያ ሄድኩ፤ 'እኛ? እንዴ!
የያዙት እነዚያ ናቸው።' ስልካቸውን ደወልኩ፤
'አንድን ይጫኑ' አለኝ። ተጫንኩ። ሁለትንም ተጫንኩ።
ዘፈን አሰማኝ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው።
ንገሩኝ፣ የማንኳኳው በር የትኛው ነው?"
ቢጫ።
ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ይባላል፤
ከሁለት ፖሊስ መሀል ልጅ እንዴት ይወድቃል?
ቀይ። ጣቴ ደወሉ ላይ ነው፤ አልጫንኩም።
የሕግ አማካሪው አየኝ። አላየሁትም።
እሷ ትናገራለች፦ የልጇን ስም፣ የጫማውን ቁጥር፣
የአስም መንፊያውን፣ ቤት የቀረ፣ ከትራሱ ሥር፤
የምትናገረው ፊት ለፊቷ ላለው ወንበር፣
ለፌዴራሉ ተወካይ ለተዘጋጀው፤ ባዶ ነበር።
ስሙ ተጽፎበታል።

ድምፅ ሰጡ፤ አራት ለአራት። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተላለፈ።
አማካሪው ወደ ጆሮዬ አዘነበለ፤ ትንሽ ተነፈሰ።
"የሴትየዋን 'ሁለት ደቂቃ' በዪው፤ ደንቡን ታውቂያለሽ።"
አውቃለሁ።
አሥራ አንድ ብዬ ጻፍሁ።

ቁጥር አምስት፦ ዛፉ። ስምንት እጅ ወጣ፤
ይቆረጥ ተባለ፤ አንድም ድምፅ አልታጣ።
ነገ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣
መጋዙ ይመጣል።