ጥሪት

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰው ሁሉ ይጮኻል፤
«ጨው አቀብዪኝ» ሲል ድምፁ ጣራ ይነካል።
ኑዛዜ የገባ፣ ካህን ፊት የቆመ፣
ኀጢአቱን በለሆሳስ ብሎ ብሎ የደከመ፣
ጮኾ ይናዘዛል፤
ውሃው ግን ሸፋፍኖ ምስጢሩን ይወስዳል።

ላይ፣ ደመናው ከበረዶው ጋር በሚታሽበት፣
የአልፕስ ዋልያ በሰኮናው ጫፍ ገደል በሚረግጥበት፣
ጺማም ጥንብ አንሳ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ቅልጥም በሚሰብርበት፣
ከዚያ ነው የሚነሣ። ሲነሣ ወንዝ ነበረ፤
ሦስት መቶ ክንድ ሳይወርድ ወንዝነቱ ቀረ፤
በነፋስ ተነፋ እንደ ስንዴ ዱቄት፤
መስኩ ላይ ሲያርፍማ ጤዛ ነው፣ ክብደት የሌለበት።
ጥዶቹ በአንዱ ጎን፣ ፏፏቴውን በሚያየው፣
ሸብተዋል፤ ሽበቱም አረንጓዴ ነው፤
ሌላው ጎናቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ጃከን ብቻ አይጮኽም። ሠላሳ ስድስት ዓመት
ከድልድዩ ግርጌ፣ ቁጥር ከተቀረጸበት
ከእንጨቱ ዘንግ አጠገብ ማለዳ ይቆማል፤
ውሃው የደረሰበትን ጎንበስ ብሎ ያያል፤
በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀለም እዚያ ያለቅሳል።
«ስልሳ ሁለት።» «ስልሳ።» «ሰባ፤ ድፍርስ።» ይኸው ነው፤
ሌላ ቃል አያውቅም። እናቱ የሞተች ለት የጻፈው
«አርባ አንድ፤ ንፋስ ከሰሜን» የሚል ነው።

የካቲት ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ መንደሩ በሙሉ ነቃ።
ምን እንደ ቀሰቀሰው ማንም ሰው ሳያውቅ ነቃ።
ላሞች በረት ውስጥ ቆሙ፤ ሕፃን አለቀሰ፤
ውሻ ጮኸና፣ የራሱን ድምፅ ሰምቶ፣ ጭራውን መለሰ።
ባርላ ባትሪ ይዛ፣ ደጅ ወጥታ በሌሊት ልብሷ፣
«ምን ተሰበረ?» አለች፣ ከልማዷ ጮኻ፤ ዓለቱ መለሰው ለራሷ።
አፈረች።
ቆሞ ነበር ውሃው፤ ከአናት እስከ እግሩ ሰማያዊ በረዶ፣
የትልቅ ኦርጋን ቧንቧ፣ ተጫዋቹ ጥሎት ሄዶ።

ያን ሰሞን መንደሩ ዝግ ብሎ አወራ፤
የግድግዳ ሰዓት ለካ ድምፅ ነበረው፤ ቆጠረ በተራ።
ባርላ የጎረቤቷ ድምፅ ለስላሳ እንደ ሆነ በሃምሳ ዓመቷ ሰማች፤
ለኑዛዜ ግን ዝር ያለ የለም፤ ነፍስ ሁሉ አፏን ይዛ ሰነበተች።

ሚያዝያ ሲጋመስ አንዱ ቧንቧ ተሰብሮ ወደቀ፤
መንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጩኸቱን እንደ ካፖርት መልሶ አጠለቀ።

በሐምሌ እንግዶች መጡ፣ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ስልካቸውን አንሥተው፤
«ዘንድሮ እንዴት ሞልቷል! ምን ያለ ጸጋ ነው!»
ባርላ ቢራ ስትቀዳ «እውነት ነው» አለች። ጃከን ደብተሩን ገለጠ፤
ቁጥሩ በየበጋው ሽቅብ እየሮጠ።
«ሰው ደመወዙን ሲበላ ጎረቤት አይሰማም» አላት፣ ጆሮዋ ሥር፤
«ጥሪቱን ሲበላ ነው ድግሱ መንደር የሚያሸብር።
አባቴ መስቀል የቀረጸበትን ያን ጥቁር ድንጋይ
ልጅ ሳለሁ፣ የበረዶው ምላስ ሲልሰው ነበር የማይ፤
ዛሬ ከዚያ ተነሥቼ ጉልበቴን ይዤ ስወጣ
የሦስት ሰዓት ጠጠር ነው፣ በረዶው ጋ እስክመጣ።»
ባርላ ብርጭቆ አጠበች። ያጠበችውን ደግማ አጠበች።

በነጋታው ሙቀት ነው። ውሃው ከዘጠና አልፏል፤
ዘንጉ እዚያ ያበቃል።
ጃከን ከአጥር ጣውላ ነቅሎ አናቱ ላይ ቸነከረ፤
በሰንጢ አንድ መስመር ጫረ፤ ከበላዩ ሌላ ጫረ፤
ጥቂት አሰበና፣ ለሦስተኛው ቦታ አስቀረ።
ከድልድዩ ላይ ባርላ «ስንት ደረሰ?» ብላ ጮኸች።
ቀና አለ። እርሳሱ ከጥርሱ ወደቀ፤ ውሃው ላይ አንዴ ታየች፣ ጠፋች።
ያ የማይጮኽ ሰው፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር፣
ከሆዱ ጮኸ አንድ ነገር፤
ከንፈሩን አየነው።
ቃሉን ውሃው ወሰደው።