ስለት

ከሌሊቱ ስድስት። ገበያው ተዘጋ።
ዱባይ ከነላቧ ከደጅ ተዘርግታ፣ ሐምሌ እንደተዋጋ፤
እኔ ግን በጓዳ ካፖርት ደርቤ፣
የሰው ስኪ ታቅፌ፣ ሞረዴን አቅርቤ፣
ጠርዙን እስላለሁ። ስለት ነው ሥራዬ።
እናቴም ስለት አላት፣ እሱም በእኔ ዕዳዬ፤
«ልጄ በደኅና ትግባ፣ ባለዘርፍ ጥላ
አገባለሁ» ብላ ለደብሩ ተስላ፣
ዋጋውን ላኪ አለችኝ።

ቡት ሳስር ስፈታ ለማያውቀኝ እግር
ሰባት ወር አለፈኝ፤ አሁን ያለ ንግግር
ሰውን በብረቱ አውቀዋለሁ ማታ፦
አንዱ ግራውን ጨርሶ ቀኙን ያልመታ፣
አንዱ ቸኩሎ የፈጀው፣ ጥርስ ያወጣ ጠርዙ፤
አንዳንዱ እንዳዲስ ነው፣ ሳይነካ ከነወዙ፣
በሆዱ ነው የሄደው፣ ሲንሸራተት ዋለ።
ይሄ የፈሪ ስኪ ነው። እንደኔ ፈሪ ማን አለ?

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ደንበኛው ሲያበቃ፣
ማሽኑ በረዶውን ሊያበጥር ሳይነቃ፣
ለሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ይፈቀዳል።
አስተማሪዬ አይዛዳ ናት፤ ኪርጊዝ፣ የፈረሰኛ ልጅ፣
ቃል የማታባክን፤ ካስፈለጋት በእጅ።
እንግሊዝኛዋ ስባሪ፣ የእኔም ስንጥር፣
ሁለቱ ሲገጥሙ ይወጣዋል አንድ አጥር።

የመጀመሪያ ቀን ትከሻዬን ወረወርኩ፤
ልታጠፍ ስል በወገቤ በረዶውን ጠረግኩ፤
ጭራው ከዳኝ፤ ድምፁ የሚፋቅ ድስት።
«አትዙሪ» አለችኝ።
ሳልዞር እንዴት ልዙር?
ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን ነካች።
«ከዚህ ጀምሪ። ከታች። ትንሽ አጋድዪው።
ብረቱ ይንከስ። የውጪውን እግር ተጫኚው።
ከዚያ ቆዪ። ስኪው ራሱ ያጥፍሻል፤
ወገቡ ቀጭን ነው፣ ስትጫኚው ጎብጦ ያዞርሻል።»

ቆዪ! እሱ ነው ያቃተኝ።
ለሁለት የልብ ምት ያህል አፍንጫሽ ቁልቁል ነው፣
ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚይዝሽ ገና ነው።
ደንግጬ ተጠጋሁ ወደ ዳገቱ ግድግዳ፤
የውስጥ እግሬ ተሸከመኝ፣ የውጪው እንደ ባዳ
ተነሥቶ ሄደ። ወደቅሁ። ሦስቴ።
በረዶ ገባ ባንገቴ።
አይዛዳ አልሳቀችም፤ ጓንቷን አራገፈች።
እኔ ለራሴ ባማርኛ፦
«ዳር ዳር አልሽ እንጂ ዳሩን መች ያዝሽና!»

በአራተኛው ማክሰኞ፣ ወይ በአምስተኛው፣ እንጃ፣
ቁርጭምጭሚቴን እንደ ቁልፍ ቀስ አድርጌ አዞርኩ፤
ጉልበቴ ተከተለ፤ ትከሻዬን ተውኩ፤
አፍንጫዬ ቁልቁል። ጠበቅሁ።
ድምፁ ጠፋ።
የሚፋቅ ድስት የለም፤ ቀጭን ፉጨት ብቻ፣
ሐር ላይ እንደሚሄድ መቀስ፤
ማታ ማታ የሞረድኩት ብረት
ይኸው እኔን ያዘኝ።

ከታች ቆሜ ዞሬ አየሁ፦
ሁለት ቀጭን መስመር፣ እንደ ባቡር ሐዲድ፣
ያልተዝረከረከ፣ የእርሳስ ያህል ስንጥቅ።
አይዛዳ ጣቷን ሰደደችበት፤ ጥልቀቱን ለካች፤
«እም» አለች።
ወዲያው ማሽኑ መጣ፣ መብራቱን አብርቶ፣
አበጠረው መስመሬን እንደ ሕፃን ጠጉር ፈትቶ።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ወደ አልቁዝ የሚሄድ አውቶቡስ።
ውጪው አርባ ዲግሪ፤ መነጽሬ ላይ ጉም።
ሾፌሩ አደባባዩን ሲዞረው በኃይል፣
ሰው ሁሉ ብረት ጨብጦ ወዲህ ወዲያ ሲል፣
እኔ እጄን ከትቼ በኪሴ
የውጪውን እግር ተጫንኩ፣ አጋደልኩት፣ ዋጥኩ ትንፋሼን፣
ቆየሁ። አውቶቡሱ ዞረ። እኔም።

ስልኬ ላይ መልእክት አለ፤ እናቴ ናት፣ ለሰዓታት ነቅታ፦
«ስለቱስ?»
ይዟል፣ እማ። ይዟል።