ቀራጭ

ፑላስኪ መንገድ ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
በረዶ ተሸክሜ በማለዳ ስገባ፣
አምስት ስም ይጠብቀኛል በታሸገ ፖስታ፤
ፊት የለው፣ ድምፅ የለው፣ ስም ብቻ በጸጥታ።

የቺካጎ ንፋስ መስኮቱን ሲገርፈው፣
አንዱንም ከሌላው ሳላስበልጥ ስጽፈው፣
ለሁሉም አንድ ፊደል፣ ለሁሉም አንድ ጥልቀት፤
በመርፌዬ ጫፍ ላይ የለም የበላይነት።

ሌሊቱ ያልፍና፣ ጭብጨባው ሲበርድ፣
አንዱ ስም፣ በሁለት ብሎን፣ ከወርቁ ሲዛመድ፣
አራቱ ይመጣሉ በዚያው ፖስታ ታሽገው፤
«ይቅለጡ» ነው ቃሉ፤ ምክንያት ማን ፈለገው።

ከአራቱ የአንደኛው ስም ረጅም ነበር፤
ሁለት መስመር ይፈጃል፣ አንድ ሙሉ አዳር።
ድምፅ የሚቀዳ ሰው ነው፤ አሥራ ስድስት ጊዜ ታጭቶ፣
አሥራ ስድስት ጊዜ ወደ እሳቴ ገብቶ፤
ሳላይ እስክጽፈው ድረስ እጄ ስሙን ለመደው፤
እሱ አያውቀኝም፤ እኔ ነኝ አሥራ ስድስቴ የማነድደው።

ሰም ውጭ፣ ወርቅ ውስጥ ነው በእኛ አገር ብልሃት፤
እዚህ ግን ሐውልቱ ቢፋቅ በምላጭ ስለት፣
ወርቁ የላይ ነው፣ ከፀጉር የሳሳ፤
ውስጡ ተራ ነሐስ፣ ስሙ የማይነሳ።
ሰሙማ ቀድሞ ሄዷል፣ በእሳት ፈሶ ወጥቶ፣
ቅርጹን ለሌላ ትቶ፣ መልኩን ለሌላ ሰጥቶ።

ሚልዋኪ ጎዳና ላይ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ሲኒማ፣
ሐሙስ ገባሁ፤ የጋበዘኝ ብርዱ ነበር፣ እውነቱማ።
ሰባት ነበርን አዳራሹ ውስጥ፤ አንዱ ያንኮራፋል፤
ስክሪኑ በስተግራ ተቀዷል፤ ብርሃኑ ያልፋል።
አንዲት ቀራጭ ሴት ናት፣ ዲትሮይት ድልድይ ላይ የምታድር፣
ለሰው ሁሉ መንገድ የምትከፍት በብር፤
እሷ ግን ድልድዩን አንድ ቀን አልተሻገረች፤
ፊልሙ ሲያልቅ ጓንቷን አወለቀች፤ ጣቷን ቆጠረች።
ይኼው ነው በቃ። ሙዚቃ የለ፣ እንባ።
ወጥቼ ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ ሳልገባ።

እሷም ቀራጭ፣ እኔም ቀራጭ፤ ቃሉ አንድ ነው በአማርኛ፤
ሁለታችን ሌላ እናሳልፋለን፣ በሩ ላይ ቀርተን እኛ።

ጥር ላይ ፖስታው መጣ። ፈታሁ፤ አገላበጥሁ።
ሠሪዋ፣ ሎርና ፔትራኪስ፣ የለችም፤ ደግሜ ፈለግሁ።
ለሷ እራት ያበላ የለ፣ ሆቴል የተከራየ፤
በየአውራ ጎዳናው ፎቶዋ ተሰቅሎ ማን አየ?
ያልታየ እንዴት ይመረጥ? ብዬ ልተወው አልሁ፤
ሌሊት ግን ያቺን ጓንት ስትወልቅ በሕልሜ አየሁ።

ያሸነፈው ሌላ ነው፤ ትልቅ ጦር፣ ትልቅ ባሕር፣
ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ፈረስ፣ ንጉሥ፣ ክብር።
እኔን በመካከሉ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤
«ይኼ ነው የሚገባው?» ብሎ ሆዴ ነደደ።
ቦግዳን ግን፣ ወርቅ ነካሪው፣ የሥራ ባልደረባዬ፣
አሲድ የበላው እጁን ጠርጎ፣ «ተው» አለኝ፣ «ጌታዬ፤
መርከቡ ሲሰምጥ አባቴን አየሁት፤
ሃያ ዓመት ያላለቀስሁትን ያን ቀን አለቀስሁት።
ሰባት ሰው ያየው ፊልም ያንተ ነው፤ ይሁን፤
ሚሊዮን ያለቀሰበትስ ለምን ይናቅ አሁን?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም መልስ የለኝም፤
ፊልሙ መሐል ተኝቶ ዳኛ አይኮንም።

ግን ያን ማታ፣ ቦግዳን ሲሄድ፣ መብራቱን ሳላጠፋ፣
ከቁርጥራጭ ናስ መሐል አወጣሁ አንድ ጠፍጣፋ፤
ስሟን ጻፍሁበት፤ ያዘዘኝ የለ፣ የከፈለኝ የለ፤
እጄ አዳላ መሰል፣ ትንሽ ጠለቅ አለ።
ቅዳሜ ሲኒማው ሄድሁ፣ ብሎን ይዤ በኪሴ፤
ካየሁበት ወንበር ጀርባ፣ እየፈራሁ ለራሴ፣
አሰርሁት።
አንዲት ሴት መጣችና ፋንዲሻዋን አስቀመጠች፤
ስሙ ላይ፣ ሳታየው፣ ኮቷን ደርባ ሰቀለች።

ሰኞ አራቱ ቀለጡ፤ አንዱ ካንዱ ተቀላቅሎ፣
የማን ፊደል እንደሆነ ላይታወቅ ተድበልብሎ።
ያው ናስ፣ ቀዝቅዞ፣ ተጠፍጥፎ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣
ለከርሞው ይቆያል፣ ባዶ ገጽ ሆኖ፣ ዝም ብሎ።

እና ያ የሚመጣው፣ በእንባ የሚያመሰግን፣
ከሐውልቱ ግርጌ ሲያነብ የራሱን ስም ብቻውን፣
አያውቅም፤ ከፊደሉ ሥር፣ መርፌ ያልነካው ቦታ፣
ያምና አራት ስም አለ፣ የተኛ በጸጥታ።

ማን ይገባዋል? እንጃ።
እኔ ስም ቀራጭ ነኝ። መጣ ደግሞ ፖስታ።