ተከራዬ ማሪ

ሐምሌ ነበር ወሩ፤ ማርቆስ ጭቃ ለብሳ፣
አንዲት ሴት በሬን መታች፣ እንደ ዶሮ በስብሳ።
ሻንጣዋ ተሳስቶ ባሕር ዳር ወርዷል፤
አንዱን ጫማዋንም የኛ ጭቃ ወስዷል።
«ቤት?» አለችኝና ሳቀች ባንድ እግሯ ቆማ፤
እኔም አውጥቼ ሰጠኋት የሟች ባሌን ቦት ጫማ።

ከፊሊፒንስ ነው አሉ፤ ሒሳብ ታስተምራለች፤
ዩኒቨርሲቲው ቀጥሯት ሁለት ዓመት ፈርማለች።
ስሟ ማሪቴስ ነው፤ ምላሴ ላይ ቢረዝም፣
«ማሪ» ብዬ ቆረጥኩት፤ ፍቺውን አላሰብኩም።

«ስብሰባ በሁለት ሰዓት» ተብላ ተጠርታ፣
በስምንት ደረሰች፣ ተኳኩላ፣ ሽቶ ተቀብታ።
አዳራሹን የሚጠርገው አያ እንየው ብቻ ነበር፤
ለሱ አሰማችው አሉ ያዘጋጀችውን ንግግር።
እሱም መጥረጊያውን ጥሎ አጨበጨበ ቆሞ፤
ማታ ስትተርክልኝ ሳቅ ገደለኝ፣ ሆዴ ታሞ።

ውኃ በኛ ሰፈር የሚመጣው በሌሊት ነው፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ ነቅቶ፣ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው።
አንድ ሌሊት ከፍታው ተኛች፤ በርሜሉ ሞልቶ ፈሶ፣
ነጋ፣ ጫማዋ ተንሳፎ፣ የፈተናው ወረቀት በስብሶ።
እሷስ? ሰባውንም ወረቀት በልብስ ገመዴ ሰቅላ፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ታርማለች፣ ከካልሲ መሃል ብቅ ብላ።
እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ለቧንቧው እርግማን አለኝ፣ የጠዋትም የማታም፤
ያን ቀን ግን እሷን አየሁና አንዱም ትዝ አላለኝም።

የጮቄ ነፋስ ወርዶ ጃንጥላዋን ቢገለብጥ፣
ድንች ይዛበት መጣች፣ ከዝናቡም ሳታመልጥ።

የማልረሳው ግን የሚካኤል ማኅበር ለታ፣
መሪጌታ ስሙር ቤት ሁለት ጣሳ ጠጥታ፣
«ጨምሪ» ቢሏት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣
«ጠላ ጠላሁ!» አለች፣ «ጠጣሁ» ለማለት ፈልጋ።
ቤቱ ጭጭ አለ። የጠማቂዋ የጥሩአየሁ ፊት ጠቆረ።
የመሪጌታ ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፦
«እኛ ቆሎ ለምነን፣ ዋሸራ የለፋንበት፣
ይቺ ልጅ በሁለት ጣሳ ቅኔ ተቀኘችበት!»
ሳቅ ቤቱን ሞላው፤ እሷም ያለችው ሳይገባት፣
ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ ሦስተኛው ጣሳ ተቀዳላት።

አንድ ማታ ጠየቀችኝ፦ «እማ ባንቺ፣ አይዞሽ ማናት?
ስወድቅ ሁሉም ይጠራታል፤ እኔ ግን እስካሁን አላየኋት።»
ምን ልበላት?
«መንገድ ላይ ናት፤ ትመጣለች» አልኳት።

ሻንጣው በጥር መጣ፣ ስድስት ወር ዞሮ ዞሮ፤
እሷ ክፍል ገብታ ነበር፤ አስቀመጥኩት ከጓሮ፣
ከጋዝ ጀሪካኑ ጎን፤ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣
እናቷ የሰፋችላት ቀሚስ ጠበቀኝ፣ ጋዝ ውስጥ ተነክሮ።

ደረጃው ላይ ኮቴዋ ሲሰማ፣ የምለው ጠፍቶኝ፣
«ማሪ!» ብዬ ጮኽኩ። ቃሉ ገና ያኔ ተሰማኝ።
ሰሙ ስሟ ነው፤ ወርቁ የኔው ልመና።
ለካ ጭቃውም፣ ቧንቧውም፣ ነፋሱም ሲለምናት ከርሟልና!

ቀሚሷን አሸተተች። አስነጠሰች። ዓይኗ ሞላ፤
ከሳቅ ይሁን ከጋዙ፣ ወይስ ከሌላ፣
አልጠየቅኳትም።

አቀፈችኝና፣ ጥርት ባለ በኛው ቋንቋ፣
«አይዞሽ መጣች» አለችኝ፣
ክብሪቱን ከሁለታችን አርቃ።