የተከራይ ተከራይ

አንዳርጌ መለሰኝ ከቤቱ መግቢያ ላይ፤
“ቁልፉን ከመስጠትሽ ግድግዳዬን እንይ።”
የኤላት አሸዋ ገና ሳይራገፍ ከጫማው፣
የፈረምኩበትን ወረቀት አወጣ፤ ማኅተም ብቻ ቀረው።

እኔ አራት ወር ኖርኩ፣ ሌሊት ሆስፒታል ሠርቼ፣
ቀን ጊቫት ኦልጋ ላይ መስኮቱን ዘግቼ።
የግድግዳው ቀለም ነጭ ይሁን ግራጫ
ዐይኔን ለእንቅልፍ እንጂ አልሰጠሁት ለምርጫ።

ጣቱን ሰደደና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣
“ይህ ጥቁር ምንድነው? ማን አስገባው? መቼ ገባ?”
ሻጋታ ነው። የበግ ለምድ ያህላል፣
ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ጥላሸት ይመስላል።

“ባሕሩ ነው” አልኩት፣ “ክረምቱን በሙሉ ጨው ሲተፋ ከረመ።”
“የባሕር ስም የለም፤ ያንቺ እጅ ነው ከዚህ የፈረመ።
ስምንት መቶ ሸቀል ከቀብድሽ ይቀነስ፤
ለመስኮቱ ገመድ ሌላ ሰባ፣ ኪሳራው በኔ አይድረስ።”

ስልኬን ከፈትኩለት፤ የገባሁ ዕለት ያነሳሁት ፎቶ።
እሱም አሳየኝ የራሱን ከፍቶ።
ጎን ለጎን ቆመን፣ በየስልካችን መስኮት
አንድ ግድግዳ ስናይ፣ የሱ ንጹሕ ነው፣ የኔ ግን አለበት።
የሱ ፎቶ ቀን የለውም፤
የኔም ቁም ሣጥኑን አልፎ አያይም።

“አንተስ ከማን ወሰድከው?” አልኩት።
ዝም አለ።

“ከዛናት” አለ ቆይቶ። ለዛናት ደወልን።
ሬሆቮት ነው፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ “እናንተም አያችሁት?” አለን።
“እኔ ስገባ ሳህን ያህል ነበር፤ ጫኔን ጠይቁት።”
ጫኔ ካናዳ ነው፤ እዚያ ሌሊት ነው፤ ቢሆንም ደወልንለት።
“በኔ ጊዜ የሲኒ አፍ ነበር” አለ እየሳቀ፣
“አደገ እንዴ?” አለን፣ የጎረቤት ልጅ ይመስል እየናፈቀ።

ባለቤቱ ሽራጋ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ሞቷል።
ሦስት ልጆቹ ፍርድ ቤት ናቸው፤ ውርሱ ታግዷል።
ኪራዩን የሚቀበል ጠበቃ አለ፤ ፊቱን ያየው የለም፤
ስለ ግድግዳ ሲደወልለት ስልኩ አይነሳም።

እንግዲህ ቁጠሩ፦ እኔ የአንዳርጌ፣ አንዳርጌ የዛናት፣
ዛናት የጫኔ፣ ጫኔ የሟች፤ ሟች ደግሞ የመሬት።
ውል ሳይፈርም፣ ቀብድ ሳይከፍል፣ ዓመት በዓመት እየሰፋ፣
እዚህ የኖረው ያ ጥቁር ነው፤ ተከራይ ሲመጣ ሲሄድ እሱ ብቻ አልጠፋ።
ግጥም እንኳ ሲገጠም በስተመጨረሻው ቤት ይመታል፤
አራት ተከራይ ተጋጥመን አንዳችንም ቤት የለን።

አንዳርጌ ወረቀቱን አጠፈ። ሰባ ሸቀሉን ግን አልማረኝም፤
“የገመዱ ያንቺ ነው” አለ፤ እውነቱን ነው፣ አልተከራከርኩም።
አንድ ቀትር ፀሐይ ገብታ ብትቀሰቅሰኝ
ተናድጄ ነው የበጠስኩት።

ቁም ሣጥኑን መልሰን ገፋነው፣ እሱ ከግራ እኔ ከቀኝ፤
ለምን እንደሆነ የገባኝ ካገዝኩት በኋላ ነው፤ አሳፈረኝ።

ደረጃው ላይ ሻንጣ የያዘች ልጅ፣ ስልኳ ላይ አድራሻ እያየች፣
“የአንዳርጌ ቤት ይሄ ነው? ቤቱ ደኅና ነው?” ብላ ጠየቀች።
“ደኅና ነው” ልል ነበር። ቀብዴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ምን ገዶኝ።

“ፎቶ አንሺ” አልኳት፣ “ቀን ያለበት።
መጀመሪያ ግን ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አርቂው።”